ስለታቸው ያልሰመረላቸው ሰዎች የት ናቸው?

ሀዋሳ ውስጥ ትንሽዬ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አለችኝ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔሽን ማሽን፣ በቃ። ሰው ስራህ ምንድነው ሲለኝ ፎቶ ኮፒ ነው እላለሁ እንጂ እውነቱን ልናገር ካላችሁኝ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው የሰው ምኞት ነው። ሲቪ፣ የስራ ማመልከቻ፣ የፓስፖርት ፎርም፣ የስኮላርሺፕ ምናምን፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ዲቪ። መስከረም አልቆ ዲቪ ተከፈተ ሲባል በሬ ላይ ወረፋ ይያዛል፣ ነጠላዋን አውልቃ ነጩ ግድግዳ ጋ ቀጥ ብላ የምትቆመው አለች፣ መነጽርህን አውልቅ ስለው የሚበሳጨው አለ፣ ፎቶው 600 በ600 ፒክስል ሆኖ እስኪቆረጥ ከኋላዬ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚጸልየው አለ። አንዷ ልክ ሰብሚት የምትለዋን ልጫን ስል "ቆይ ቆይ ቆይ" ብላ መጀመሪያ ራሷን አማተበች፣ ቀጥላ ስክሪኑን አማተበችበት፣ ከዛ "አሁን ተጫን" አለችኝ። ሙስሊም ደንበኛዬ ደሞ ቢስሚላህ ሳይል ማውሱን አያስነካኝም።

የሆነ አመት ላይ ከሞላሁላቸው ሰዎች አንዱ፣ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ደረሰው። በሚቀጥለው አመት ወረፋዬ እጥፍ ሆነ። "የሱ እጅ ቀና ነው" ተባለ፣ ከአቶቴ ተነስቶ የመጣ ሁሉ ነበር፣ ሰፈሩ ላይ ስንት ኢንተርኔት ቤት እያለ ማለት ነው። አንዲት እናት እንደውም እጄን ይዛ ሳመችው። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኛል፣ ገበያ ነው። ግን ማታ በሩን ዘግቼ ደብተሬን ሳገላብጥ የማውቀው ነገር አለ፣ ልጁ የደረሰው አመት የሞላሁት ከ300 ሰው በላይ ነው። ያንን ሁሉ የሞላው ይሄው ቀና የተባለው እጅ ነው። አንዱ አሜሪካ ሄደ፣ የቀሩት ወደየቤታቸው ገቡ፣ ስለነሱ የሚያወራ የለም፣ እነሱም አያወሩም፣ ምን ብለው ያወራሉ?

የሚያስቀው ደሞ ይሄ ነው፣ እጅ ቀና ነው የሚለው ወሬ ራሱ ሰው ይጎዳል። ዲቪ ላይ አንድ ሰው በአንድ አመት ከአንዴ በላይ ከተመዘገበ ይሰረዛል፣ ህጉ እንደዛ ነው፣ መራጩም ኮምፒውተር ነው፣ በዕጣ። እና እኔ ጋ ሞልቶ፣ "ለማንኛውም" ብሎ ሌላ እጁ ቀና የተባለ ልጅ ጋ ሄዶ ድጋሚ የሚሞላ አለ። እድሉን እጥፍ ያደረገ መስሎት ዜሮ አደረገው። ስነግራቸው የሚሰሙኝ ግማሾቹ ናቸው፣ ግማሾቹ ገበያዬ እንዳይሄድብኝ የምናገር ነው የሚመስላቸው።

ይሄን ሁሉ የማወራው ሰሞኑን ቲክቶክ ስከፍት የሚመጣብኝ ነገር ሁሉ አንድ አይነት ስለሆነብኝ ነው። አንዱ "ማኒፌስት አድርግ፣ ዩኒቨርስ ይሰማሃል" ይላል፣ ምኞትህን ጠዋት 3 ጊዜ ቀን 6 ጊዜ ማታ 9 ጊዜ ጻፈው ይላል፣ ሌላው ፓስተር ነኝ ባይ "ይሄ ቪዲዮ በአጋጣሚ አልመጣብህም፣ አሜን ብለህ ተቀበል፣ ሼር አድርግ" ይላል። የአንዱ ዩኒቨርስ ነው የአንዱ መንፈስ ነው፣ ግን ዕቃው ያው ነው፣ አጥብቀህ ከፈለግክ ይመጣል የሚል ነው። ለኛ ደሞ ይሄ አዲስ አይደለም እኮ። ጥሩ ነገር የተናገረን ሰው "አፍህን በዳቦ" እንላለን፣ ክፉ የተናገረውን "አታሟርትብኝ" እንላለን፣ ቃል ከአፍ ከወጣ ወደ ኑሮ ይገባል የሚል እምነት ከቡና ምርቃት ጋር አብረን ጠጥተነው ነው ያደግነው። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አይደለም፣ እውነት ጸሎትና ምኞት ኑሯችንን ይቀይራል ወይ?

እኔ ራሴ የስለት ልጅ ነኝ፣ ይሄን ቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ይሄ ሃይማኖት የለውም እንዳትሉኝ። እናቴ ከኔ በፊት ሁለት ልጅ ወልዳ አላደጉላትም፣ ለሀዋሳ ገብርኤል ተሳለች፣ እኔ ተወለድኩ፣ አደግኩ፣ እሷም ጃንጥላ አገባች። ታህሳስ 19 ሲደርስ አሁንም ይዛኝ ትሄዳለች፣ ሚስት አግብቼ እንኳን። ታህሳስ 19ን ሀዋሳ ያሳለፈ ያውቀዋል፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ አልጋ አይገኝም፣ ባጃጅ ዋጋ ይሰቅላል። እና እዛ ግቢ ውስጥ ማይክራፎኑ ስለት ሲያነብ ቆማችሁ ስትሰሙ፣ ልጅ ለምነው ተሰጣቸው፣ ከህመማቸው ተፈወሱ፣ ልጃቸው በሰላም ውጪ ገባች፣ ሻማው ጃንጥላው ምንጣፉ ሲቆለል ስታዩ፣ ጸሎት አይሰራም ብሎ መናገር እብደት ነው የሚመስለው። ይሄ ሁሉ ህዝብ ይዋሻል? አይዋሽም። የሚሉት ሁሉ ሆኖላቸዋል።

ግን ከ2,400 አመት በፊት ገደማ ዲያጎራስ የሚባል ግሪካዊ ነበር፣ ሲሴሮ የሚባለው ሮማዊ ነው ታሪኩን የጻፈው። ሳሞትራኪ የምትባል ደሴት ላይ መቅደስ ነበር አሉ፣ ማዕበል ውስጥ ሆነው ተስለው የተረፉ ሰዎች ስዕል እያሳሉ የሚሰቅሉበት። ጓደኛው "አንተ አማልክት ስለ ሰው ግድ የላቸውም ትላለህ፣ ይሄን ሁሉ ስዕል አታይም?" ቢለው ዲያጎራስ ምን አለው፣ አያለሁ፣ ግን የሰጠሙት ስዕላቸው የት ነው የተሰቀለው?

ይቺ ጥያቄ እኔን እንቅልፍ ነስታኛለች። ምክንያቱም ማይክራፎኑ የሚያነበው የሰመረለትን ነው። ተስላ ልጅዋ የሞተባት ሴት ጃንጥላ ይዛ አትመጣም፣ ብትመጣም ጥግ ይዛ ነው የምታለቅሰው፣ ማንም ስሟን አያነብም። እናቴ እኮ ከኔ በፊት ለነበሩት ለሁለቱም ጸልያለች። አንድ ቀን ጠየቅኳት፣ "እማዬ ለነሱስ አልተሳልሽም ነበር?" ዝም አለች፣ ስኒውን እያጠበች ነበር፣ ቆይታ "ተስያለሁ" አለችኝ። ከዛ በኋላ አልጠየቅኳትም።

በነገራችን ላይ ይሄን ነገር ቆጥረን እንየው ያሉ ሰዎች ነበሩ። ፍራንሲስ ጋልተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1872 (በነሱ አቆጣጠር ነው፣ ከዚህ በታች የጥናቶቹ አመት ሁሉ በነሱ ነው) እንዲህ ብሎ አሰበ፣ በአንድ ሀገር ውስጥ ንጉስን ያህል የሚጸለይለት ሰው የለም፣ በየቤተክርስቲያኑ እድሜ ያብዛለት ይባላል፣ ስለዚህ ጸሎት እድሜ የሚጨምር ከሆነ ነገስታት ከሌላው መርዘም አለባቸው። ቆጠረ። የንጉሳውያን ቤተሰቦች አማካይ እድሜ 64 ገደማ ወጣ፣ ከተደላደሉት ሰዎች ሁሉ ያነሰው የነሱ ነበር። ቆጠራው ብዙ ቀዳዳ አለው፣ ንጉስ የሚበላው የሚጠጣውም ሌላ ነው፣ ጸሎቱም ከልብ ይሁን ለደንብ አይታወቅም። ለኛም ለጃንሆይ በየቅዳሴው ሲጸለይ ኖሮ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ነው የወጡት፣ ሲሞቱ ግን እድሜያቸው 83 ደርሶ ነበር፣ እንግዲህ በየትኛው ትቆጥሩታላችሁ?

ከትልልቆቹ ጥናቶች አንዱ የወጣው በ2006 ነው። ኸርበርት ቤንሰን የሚባል የልብ ሐኪም የመራው ነው፣ አሜሪካ ውስጥ 6 ሆስፒታል፣ 1,802 የልብ ባይፓስ ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው ሰዎች፣ ወጪው 2.4 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛውን የከፈለው ደሞ ሃይማኖትና ሳይንስን ማቀራረብ የሚፈልግ ፋውንዴሽን ነው፣ ማለትም ጸሎትን ለማዋረድ የተሰራ አይደለም። ሰዎቹን በዕጣ ሶስት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱን "ሊጸለይልህም ላይጸለይልህም ይችላል" ብለው ጸለዩለት፣ ሁለተኛውን እንደዛው ብለው አልጸለዩለትም፣ ሶስተኛውን "ይጸለይልሃል" ብለው ነግረው ጸለዩለት። የጸሎት ቡድኖቹ የማያውቁትን ሰው ስም ይዘው ለ14 ቀን ጸለዩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ችግር የገጠማቸውን ሲቆጥሩ፣ ሳያውቁ ከተጸለየላቸው 52 በመቶ፣ ካልተጸለየላቸው 51 በመቶ፣ እንደሚጸለይላቸው ካወቁት 59 በመቶ። ያወቁት ባሰባቸው! ከተመራማሪዎቹ አንዱ ግምቱን ሲናገር፣ ሰዎቹ "የጸሎት ቡድን እስኪጠራልኝ ድረስ ነው እንዴ የታመምኩት" ብለው ተጨንቀው ይሆናል አለ። ሳቄ ነው የመጣው፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ሪፈራል ሆስፒታል የተኛ ሰው ድንገት አክስቱ ከገጠር፣ ቄሱ ከነመስቀላቸው፣ የሩቅ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ አልጋውን ሲከበው የሚያስበው ምንድነው? በቃ አለቀልኝ ነው የሚለው።

አማኙ እዚህ ጋ መልስ አለው፣ እኔም አማኝ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። እግዚአብሔር ላብራቶሪ አይገባም፣ አምላክህን አትፈታተነው ተብሏል፣ ደሞ አልተጸለየላቸውም የተባሉትም ቤታቸው እናት አላቸው፣ እናታቸውን ማን ከለከላት። ልክ ነው። ጥናቱ እግዚአብሔር የለም አላለም፣ ሊልም አይችልም። ያለው ነገር ትንሽ ነው፣ የማያውቅህ ሰው ስምህን ጠርቶ ስለጸለየልህ ብቻ ውጤትህ ሲቀየር ቆጥረን አላየንም ነው። ለኔ ግን ትንሽ አይደለም፣ ምክንያቱም ዛሬ ቲክቶክ ላይ የሚሸጠው ልክ ይሄው ነው፣ ስምህን ኮመንት ላይ ጻፍ እጸልይልሃለሁ።

ወደ ምኞት ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል፣ ለኔ ከሁሉም የገረመኝ ይሄኛው ነው። ጋብሪየሌ ኤቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የስነ ልቦና ተመራማሪ አለች፣ ብዙ አመት ይሄን ነው የምታጠናው። ከዩኒቨርሲቲ ሊወጡ ያሉ ልጆችን ይዛ ስለወደፊት ስራቸው ምን ያህል ደስ የሚል ነገር በሀሳባቸው እንደሚያዩ ጠየቀቻቸው፣ ከሁለት አመት በኋላ ተመልሳ ስታያቸው፣ ያማረ ህልም አብዝተው ያዩት ልጆች ያስገቡት ማመልከቻ አነስ ያለ ነው፣ ያገኙት ስራ ያነሰ፣ ደሞዛቸውም ያነሰ። ክብደት መቀነስ የፈለጉ ሴቶች ላይም፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ቀዶ ጥገና የተሰራላቸው ላይም ያው። ሰውነታችን ህልሙን እንደ ደረሰ ነገር ቆጥሮ ይፈታል፣ ወገቡን የታጠቀው ሰው ቀበቶውን ያላላል። አያቶቻችን "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሲሉ ይሄንኑ ነው፣ ጀርመን ሳይሄዱ።

ግን እዚህ ጋ አንድ ልዩነት አለ፣ ካላያችሁት ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ከነዚሁ ልጆች መሀል "ስራ አገኛለሁ ብዬ እጠብቃለሁ" ያሉት፣ ማለትም ከዚህ በፊት ከሰሩት ተነስተው ይሆናል ብለው ያመኑት፣ እነሱ ተሻላቸው። ስለዚህ ተስፋና ምኞት አንድ አይደለም። ተስፋ "እንደምችል አውቃለሁ" ነው፣ ምኞት "ሆኖ ታየኝ" ነው። ከውጭ ስታያቸው ሁለቱም ፈገግ ይላሉ።

አሜሪካ ደሞ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ላይ በ1999 የወጣ ሌላ ስራ አለ፣ ፋምና ቴይለር የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ፈተና የደረሰባቸውን ተማሪዎች ግማሾቹን በየቀኑ ኤ ማግኘታችሁን አስቡ አሏቸው፣ ውጤቱ ተለጥፎ፣ ደስ ብሏችሁ ምናምን። ሌሎቹን ደሞ ስታጠኑ አስቡ አሏቸው፣ የት ቁጭ ብላችሁ፣ ስንት ሰዓት፣ ቲቪውን አጥፍታችሁ፣ ጓደኛ ሲጠራችሁ እምቢ ብላችሁ። ማጥናቱን ያሰቡት ብዙ አጠኑ፣ ውጤታቸውም በለጠ። ኤውን ያሰቡት ያነሰ አጠኑ።

ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፣ አድሚሽን ካርዳቸውን እኔ ጋ ነው የሚያትሙት። ካትሙ በኋላ ወደ ቤተክርስቲያን፣ ወደ ፓስተሩ፣ ዘይት ይቀባል፣ እስክሪብቶ ይባረካል፣ አንዱ ልጅ እንደውም ላሚኔት አድርግልኝ አለኝ ዘይቱ እንዳያበላሸው። አልስቅበትም፣ እኔም ተማሪ እያለሁ እስክሪብቶዬን ጸበል ነክሬ ቀለሙ ተበላሽቶብኝ ያውቃል። ግን ቁጥሩን እንየው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ተማሪው ተጓጉዞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን ሲጀምር 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ከዛ በፊት ያልፍ የነበረውን ተማሪ ብዛት ታውቃላችሁ። እና በ2014 የኢትዮጵያ እናቶች ጸሎት ቀንሶ ነው እንዴ? እንደውም የዛን አመት የተጸለየውን ያህል ተጸልዮ አያውቅም እላለሁ፣ ልጅ ከቤት ወጥቶ ማያውቀው ግቢ ሲያድር። የተቀየረው ፈተናው የሚሰጥበት መንገድ ነው፣ ኩረጃው ነው የቆመው። ጸሎቱ በፊትም አልነበረም ያሳለፋቸው ማለት ነው፣ ወይ ደሞ በፊትም በኋላም ነበረ፣ ግን ያላጠናውን አያስታውሰውም።

ታዲያ መጸለይ ምን ያደርጋል ካላችሁኝ፣ ለሚጸልየው ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል። በ2001 ጣሊያን ውስጥ በርናርዲ የሚባል ሐኪም ከነጓደኞቹ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት ሲደግሙ የሰዎችን ትንፋሽ ለካ፣ በደቂቃ ወደ 6 ወረደ፣ የልብና የደም ግፊት አሰራራቸውም አብሮ ተስተካከለ። እናቴ ጠዋት መቁጠሪያዋን ይዛ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ 41 ጊዜ ስትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ መጀመሪያ ላይ የቤት ኪራይ ያስጨነቃት ሴት ነች፣ 30ኛው ላይ ሌላ ሰው ነች፣ ትከሻዋ ወርዷል። ኪራዩ አልተከፈለም፣ ግን ከአከራይዋ ጋር ልትነጋገር የምትችል ሴት ሆና ተነሳች። በ2010 ደሞ ናትናኤል ላምበርት የሚባል ከነባልደረቦቹ ሰዎችን ለፍቅር ጓደኛቸው አንዴ እንዲጸልዩ አደረገ፣ የጸለዩት ቂማቸው ለዘብ አለ። ይሄን የባልዋ እናት የምታስቸግራት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፣ የምትጸልይለትን ሰው መጥላት ይከብዳል።

የድሮዎቹ ጽሁፎች ራሳቸው ቲክቶክ ላይ እንዳለው አይሉም እኮ። ነህምያ ምዕራፍ 4 ላይ ጠላት ሊመጣባቸው ሲል ጸለይን፣ ቀንና ሌሊትም ጠባቂ አቆምን ይላል፣ በአንድ አረፍተ ነገር ሁለቱንም። ንጉስ ሕዝቅያስ ሊሞት ሲል ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ፣ 15 አመት ተጨመረለት፣ ይሄን ሰባኪ ሁሉ ይናገረዋል፣ ቀጥሎ ያለውን ግን ይዘሉታል፣ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉለት ብሏል። ነቢዩ ራሱ መድኃኒት አዘዘ። በእስልምናውም አንድ ሰው ግመሌን ፈትቼ ልመካ ወይስ አስሬ ቢል ነቢዩ እሰራትና ተመካ አሉት። እዚሁ ሀዋሳ ጉዱማሌ ላይ ፊቼ ጫምባላላ ሲከበር ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፣ ከምርቃቱ ጋር ግን በርትታችሁ ስሩ፣ ስንፍናና ልመና ተዉ፣ ሀገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ብለው ይመክራሉ። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2015 ሲመዘግበው ይሄን ምክር አብሮ ጽፎታል። ምርቃቱን ብቻ ቆርጦ ቪዲዮ የሚሰራበት የዘንድሮ ሰው ነው።

ይሄ መቁረጥ ሰው ገድሏል፣ ማጋነኔ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት ከፈረንጆቹ 2005 ጀምሮ በነጻ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ጸበል የወረዱ ስንት ሰዎች መድኃኒቱን አቋረጡ፣ እምነት ጎደለህ እንዳይባሉ። ከዛ በፈረንጆቹ 2007 አቡነ ጳውሎስ ወጥተው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ አይጣሉም አሉ። ፓትርያርክ ይሄን ማለቱ ለኔ ከመቶ ጥናት ይበልጥብኛል፣ የሞተ ሰው ዘመድ ያለው ያውቀዋል።

ማኒፌስት ላይ የምበሳጨውም ለዚህ ነው። ስለት ካልሰመረ እናቴ "ፈቃዱ አይደለም" ትላለች፣ አልቅሳ ትተዋለች፣ ጥፋቱን በማንም ላይ አትጥልም። ማኒፌስቱ ግን ካልሆነ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ አልፈለግክም፣ ተጠራጠርክ፣ ነጌቲቭ አሰብክ። ያዘነው ሰው ላይ ሌላ ሸክም። አንዳንዱ ፕሮፌትም እንደዛው ነው፣ ዘርህን ስላልዘራህ ነው ይላል፣ ብሩን ማለቱ ነው።

እዚህ ከተማ ስንት ልጆች ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተቀጥረው ነበር፣ ከየገጠሩ መጥተው፣ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው። አሜሪካ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2022 ላይ ኢትዮጵያን ከአጎአ ስታስወጣ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ መላክ ሲቀር፣ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ሰው ተቀነሰ። የዛን ሰሞን ሲቪ ሳትም ነው የከረምኩት። እነዛ ልጆች ያልጸለዩ ይመስላችኋል? እሁድ እሁድ አዳራሹንም ቤተክርስቲያኑንም የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት ነው ያስወጣቸው፣ ነጌቲቭ ስላሰቡ አይደለም።

ከነሱ የአንዷን እናት አውቃታለሁ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ትጠብሳለች፣ እትዬ ነው የምላት። ልጅዋ ከፓርኩ ከወጣች በኋላ ሶስት አመት ዲቪ ሞላሁላት። እናትየው ናት የምታመጣት፣ የኮንፈርሜሽን ነምበሩን ወረቀትም የምትይዘው እናትየው ናት፣ መዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፣ አመቱን ሙሉ ጾመው ጸልየው ቁጥሩን የጣሉ ደንበኞች አሉኝ፣ ወረቀቱን ልጅ ቀዶት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ጠፍቶ፣ ቢደርሳቸው እንኳን አያውቁትም። የእትዬ ወረቀት ግን ዘይት ነክቶት ቢጫ ሆኗል እንጂ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ያለፈው ውጤት የወጣ ቀን ምሽት ላይ መጣች። ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ነው የሚከፍተው። ዳዊቷን ገልጣ ወረቀቱን ሰጠችኝ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ ከኋላዬ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፣ ገጹ ዞረ ዞረ፣ ከዛ ያቺ ሁሌም የማውቃት መስመር መጣች፣ ሃዝ ኖት ቢን ሰሌክትድ። ምንም ሳልናገር ፊቴን አይታ ገባት።

"አልሆነም?"

"አልሆነም እትዬ።"

"እሺ የኔ ልጅ" አለች፣ ትንሽ ቆየች። ወረቀቱን ልጥለው ስል እጄን ያዘችኝ። ይሄ ቁጥር ከአሁን በኋላ አይሰራም፣ የሚቀጥለው ሌላ ቁጥር ነው አልኳት። "ይሁን፣ ምን አውቃለሁ፣ ይቀመጥ" ብላ አጣጥፋ እዛው ቦታው መለሰችው። ከዛ ከዳዊቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ሌላ ወረቀት አወጣች፣ የሲንጀር ዋጋ የተጻፈበት ፕሮፎርማ ነው፣ ማህተም ያለው፣ ልጅዋ ነች ያመጣችው፣ ብድርና ቁጠባ ኮፒ አምጪ ብሏታል።

"ሶስት ኮፒ አድርግልኝ፣ ጥርት ያለ ይሁን፣ ማህተሙ ይታይ" አለችኝ።

አደረግኩላት። ዋጋውን ስነግራት "ለኔም በዚህ ነው?" ብላ ተከራከረችኝ።